የልጄ የጉልበት ሎሚ እየደጋገመ ይወልቃል፤ ኦፕራሲዮን ትደረግ ወይስ እስክታድግ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ቮሊቦል ስትጫወት ዞር ስትል የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ወደ ውጪ ወለቀ። ወጌሻ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ደግሟታል፤ የመጨረሻው ደረጃ ስትወርድ ነው። አንዱ ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አለን። ሌላው እድገቷን እስክትጨርስ ጠብቁ አለ። ማንን እንስማ? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱም ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ለዚህ ችግር የሚደረገው ኦፕራሲዮን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። መጠበቅ ያለበት አለ፤ ከተጠበቀ የሚያመልጥም አለ።

ሎሚው የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ወደ ውጪ እንዳይሸሽ በውስጥ በኩል እንደ ልጓም የሚይዘው ጅማት አለ። ሎሚው ሲወልቅ ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ይበጠሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነና ጉልበት ውስጥ የቀረ ስባሪ ከሌለ፣ በድጋፍና በፊዚዮቴራፒ እንጀምራለን። የእርስዎ ልጅ ግን ሦስቴ ወልቆባታል፣ ያውም ደረጃ ስትወርድ። በወለቀ ቁጥር አጥንቱን የሸፈነው ልም አጥንት ይፋቃል። እሱ ደግሞ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅም ጉዳት አለው።

ሁለተኛው ሐኪም የፈራው የእድገት መስመሩን፣ ማለትም አጥንቱ የሚረዝምበትን የልም አጥንት ክፍል ይመስለኛል። የጭን አጥንት እድገት 70 በመቶ ያህሉ ጉልበት አጠገብ ካለው መስመር ነው የሚመጣው። መስመሩ ሴቶች ላይ በ14 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች ላይ በ16 ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በፊት መሰርሰሪያ ከጎዳው እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል።

ቢሆንም የተበጠሰውን ጅማት መተካት በሚያድግ ልጅም ላይ ይቻላል። ከራሷ ከቋንጃዋ አንድ ቀጭን ጅማት ይወሰዳል። አንዱ ጫፍ ሎሚው ላይ፣ ሌላው ጭን አጥንቱ ላይ ይታሰራል። ዋናው ጥንቃቄ ጭን አጥንቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ አስገብተን በራጅ ከፊትም ከጎንም እናያለን። ወደ መስመሩ ከተጠጋ አውጥተን እንደገና እናስገባዋለን። ቀዳዳው የሚበሳው ሽቦው ከመስመሩ በታች መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

መጠበቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ከሎሚው በታች ያለውን የቅልጥም ጉብታ ቆርጦ ማዛወር። ገና በሚያድግ ልጅ ላይ ከተሠራ የፊት ለፊቱ እድገት ይቆምና ጉልበቱ ወደ ኋላ ይለመጣል። ቦዩን ማጥለቅም እድገት እስኪያልቅ ይቆያል።

አሁን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ቀጥ ብላ ስትቆም ጉልበቶቿ ተነካክተው ቁርጭምጭሚቶቿ ይራራቃሉ? እንደዚያ ከሆነ ሎሚው ወደ ውጪ የሚሳበው በእግሯ አቋም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማቃናት ከጉልበቷ በውስጥ በኩል፣ የእድገት መስመሩ ላይ፣ ትንሽ ብረት በብሎን ለጊዜው ይታሰራል። የውስጡ እድገት ሲገታ የውጪው እያደገ እግሩን ያቃናዋል። ይህ የሚሠራው ልጅቷ እያደገች ሳለ ብቻ ነው። በ13 ዓመቷ የቀራት ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ወራት እንዲያልፉ አልፈልግም።

ስለዚህ የልጆች አጥንት ሐኪም ያያት። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ወይም ኪዩር ሆስፒታል መጠየቅ ይችላሉ። የጉልበት ኤምአርአይ፣ ቆማ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚነሳ ራጅ፣ የቀራትን እድገት ለመገመት ደግሞ የግራ እጅ ራጅ ሊታዘዝላት ይችላል። የወር አበባ ከጀመረች መቼ እንደጀመረች ይንገሯቸው፤ ለግምቱ በጣም ይረዳል።

ጅማቱ ከተተካ ለሳምንታት ክራንች ትይዛለች። ፊዚዮቴራፒው ወራት ይፈጃል፤ ወደ ስፖርት የምትመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ነው። ትምህርት ቤቷ ፎቅ ላይ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

እስከዚያው መዝለልና በአንድ እግር ዞር ማለት ይቅርባት። ደግሞ ከወለቀ ወጌሻ ጋ ለማሸት አይውሰዷት፤ ውስጥ ስባሪ ካለ መታሸቱ ይብስባታል። ሎሚው ቢመለስም ጉልበቷ ቶሎ ካበጠ ወይም አልታጠፍ ካለ በዚያው ቀን ራጅ ትነሳ።