ፖስት-ዶክ ፍለጋ፦ ከጅማ ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

እዚህ ጅማ ዶክትሬታችሁን የጨረሳችሁና ልትጨርሱ የተቃረባችሁ ስለ ፖስት-ዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ስለሚሠራው የጊዜያዊ ተመራማሪነት ሥራ፣ የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ማስታወቂያ ሳይወጣ ለማያውቁት ፕሮፌሰር መጻፍ ድፍረት አይሆንም?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የጀርመኑ ሁምቦልት ፌሎሺፕ (ለተመራማሪ የሚሰጥ ድጎማ) እኮ ተቀባይ ፕሮፌሰር ላልያዘ ሰው አይሆንም፤ ካልጻፋችሁ በምን ታገኙታላችሁ? የሚያስነውረው አንዱን ደብዳቤ ስም እየቀያየሩ ለሃምሳ ሰው መበተን ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ ያሳየችኝ ደብዳቤ ገጽ ተኩል ነበር፤ ከበለጠ-ጌራ ጫካ በሰበሰበችው የቡና ናሙና ያገኘችው ውጤት የመጣው ግን መጨረሻ ላይ፣ ከምስጋናው በፊት። እሱን ወደ መጀመሪያው መስመር አወጣነው። ቀጥሎ ከሰውየው ወረቀቶች የትኛው ከሥራዋ ጋር እንደሚገጥም፣ ከዚያ አብረው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም በየትኛው ፌሎሺፕ ለማመልከት እንዳሰበች። የቀረው ሲቪው ላይ ይነበባል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱና ወደ ሌላው እለፉ።

ጥያቄ፦ ሳንድዊች ነበርኩ፤ ዶክትሬቴን እዚህና ቤልጅየም ጌንት እየተመላለስኩ ነው የጨረስኩት። በአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ፌሎሺፕ እዚያው መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤልጅየሟ ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለሠራ ይህ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ነው። ደንቡ፦ ከማመልከቻው የመጨረሻ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖረህ ወይም ሠርተህ መሆን የለብህም። ፓስፖርትህን አውጣና የመግቢያና መውጫ ማኅተሞቹን ደምር። ካለፈብህ ቤልጅየምን ትተህ ኔዘርላንድስ ወይም ፈረንሳይ የሚገኝ ላቦራቶሪ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ ቆይቻለሁ፣ አልረፈደብኝም?

መልስ፦ እንደ ፌሎሺፑ ነው። የማሪ ኩሪ የ2025 እ.ኤ.አ. ጥሪ ከዶክትሬት በኋላ እስከ 8 ዓመት የምርምር ልምድ ይፈቅድ ነበር። ሁምቦልት ለፖስት-ዶክ 4 ዓመት፣ የጃፓኑ ጄኤስፒኤስ 6 ዓመት። ማስረጃሽ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ 2014 ዓ.ም.ን ፈረንጅ እንዳለ ካነበበው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጅሻል። የእነሱን አቆጣጠር የያዘ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አስጽፊ።

ስለ ቀን ካነሣን አይቀር፦ የማሪ ኩሪ መዝጊያ በ2024 እ.ኤ.አ. በእኛ መስከረም 1፣ በ2025 ደግሞ ጳጉሜን 5 ነበር የዋለው፤ በብራስልስ 17፡00፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ዶሮ ወጡ ተጥዶ ፋይል እንዳትጭኑ፣ ነሐሴ ላይ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ሪከመንዴሽን ቶሎ አይጽፉልኝም።

መልስ፦ ሥራ ይበዛባቸዋል። የሠራኸውን በግማሽ ገጽ አድርገህ፣ ቀኑን አስቀድመህ ስጣቸው። ሁለተኛ አማካሪህንም ጎን ለጎን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኢንተርቪው በዙም ነው፤ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ ስላይዶችሽን በዋዜማው በኢሜይል ላኪ፤ ስልክሽ ላይ ዳታ ይኑር። አንቺም ጠይቂ እንጂ፦ ደመወዙ ለስንት ዓመት ተይዟል? ውሉ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው? ከዚህ በፊት የነበሩት ፖስት-ዶኮች አሁን የት ናቸው? ሦስተኛውን ሲመልሱ ፊታቸውን እዪ።

ጥያቄ፦ ለማመልከቻ ማስኬጃ ብላችሁ ዶላር ላኩ ተባልን።

መልስ፦ ሌቦች ናቸው። አትላኩ።