“ጋሼ፣ 320ዋን ልግዛት?” የመኪና ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች እንዳለ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። ትንሿን የአውሮፓ ስፖርት ሴዳን፣ ማለትም ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስን፣ መርሴዲስ ሲ ክላስን፣ ኦዲ ኤ4ን፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያን፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ነገሩ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ረዘም ይላል ምክንያቱም እሱ ውስጥ የሌሎቻችሁም ጥያቄ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሁለት መኪና መሀል ተይዤ እንቅልፍ አጣሁ። አንዷ የ2013 ቢኤምደብሊው 320አይ ናት፣ ጥቁር፣ ኤም ስፖርት፣ ኦቶማቲክ፣ 140 ሺ ኪሎሜትር ሄዳለች፣ ሻጩ “ሞተሯ አልተነካም፣ ሴት ናት የነዳቻት” ምናምን ይለኛል። በዛው ገንዘብ ደሞ አዲስ ተራ ሴዳን ከነዋስትናዋ ይደርሰኛል፣ ግን እሷን ሳያት ምንም አይሰማኝም። ልቤ ጥቁሯ ጋ ነው። ምን ይሉኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ አንዴ ከሄደ እኔ አልመልሰውም፣ ግን ጭንቅላትህ አብሮት እንዲሄድ ላርግ። ጥቁሯን ስታያት ማየት ያለብህ የዛሬ ዋጋዋን ሳይሆን አዲስ በነበረች ጊዜ የነበራትን ነው፣ ምክንያቱም መኪናዋ ስታረጅ የራሷ ዋጋ ይወርዳል እንጂ የዕቃዋ ዋጋ አብሮ አይወርድም፣ የውሀ ፓምፗ ዛሬም የውድ መኪና ውሀ ፓምፕ ነው። ሰው ሁሉ እዚጋ ነው ሚሸወደው። ስለዚ እኔ ብሆን ከመግዣ ዋጋዋ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው አመት ጥገና ለብቻ ካላስቀመጥኩ እጄን አልዘረጋም፣ ገንዘብህ መግዣዋን ብቻ የሚሞላ ከሆነ ንባብህን እዚሁ አቁምና አዲሷን ግዛ።

ገንዘቡ አለኝ ካልክ ደሞ እንቀጥል። የ2013ቷ ኤፍ30 የሚባለው ትውልድ ናት፣ ሞተሯ ኤን20 ይባላል፣ 2 ሊትር ባለ ቱርቦ፣ 184 የፈረስ ጉልበት። መንዳቱ ደስ ይላል፣ ከታች ጀምሮ ይስባል። ችግሩ ካቴናው ነው (ሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ሰንሰለት)፣ ካቴናውን ይዘው የሚመሩት ፕላስቲኮች ከጊዜ ብዛት ይደርቁና ይሰባበራሉ፣ ስብርባሪው ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ይዘጋል፣ ካቴናው ከዘለለ ወይ ከተበጠሰ ደሞ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ፋብሪካው በኋላ ክፍሉን አሻሽሎታል፣ ከ2016 ገደማ ወዲህ ደሞ በብዙ ገበያ ቢ48 የሚባል ሌላ ሞተር ገብቷል፣ እሱ በጣም የተሻለ ነው። እንደውም ትንሽ ጨምረህ ቢ48 ያላትን ብታገኝ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ግማሹ ይቀንስልሃል።

“ሞተሯ አልተነካም” የሚለውን ነገር ደሞ እኔ ስሰማ ደስ አይለኝም። 140 ሺ የሄደ ኤን20 ካልተነካ መነካት ነበረበት እኮ። “ካቴናውን በ110 ሺ ቀይሬዋለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው” የሚልህ ሰው ነው ጥሩ ሻጭ፣ የተነካ ሞተር ከነወረቀቱ ካልተነካው ይሻላል። ዘይት በየስንቱ እንደተቀየረም ጠይቅ፣ በፋብሪካው አቆጣጠር ኮምፒውተሩ እስከ 25 ሺና 30 ሺ ኪሎሜትር ድረስ ሊያስሄድህ ይችላል፣ በየ10 ሺው የቀየረ ሰው ካገኘህ ግን ሰውዬው መኪና ይወዳል ማለት ነው፣ ሳትከራከር ትንሽ ጨምርለት።

ስትሄድ ሻጩን ቀድመህ “እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት” በለው። ደርሰህ መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጅህን አርግ፣ ሞቅ ካለ አንድ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው፣ ወይ ቀን ቀይር ወይ ሌላ መኪና ፈልግ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው እውነቱን ሚናገረው፦ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ከፊት በኩል የብረት መንቀጫቀጭ ካለ፣ ወይ ነዳጅ ስትሰጠው አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ካለ፣ ካቴናው ነው። የዘይቱን ክዳን ክፈትና ከውስጥ እየው፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ዘይቱ ሳይቀየር ብዙ ሄዷል። የዘይት ማጣሪያው ቤትና የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ማንጠባጠብ ይወዳሉ፣ እሱ ብቻውን አያስፈራም ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የውሀ ፓምፗ በኤሌክትሪክ ነው ሚሰራው፣ ሲሞት ብዙም ሳያስጠነቅቅ ነው ሚሞተው፣ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ።

ኪሎሜትሩን በዳሽቦርዱ አትመን። መሪውን፣ የሹፌሩን ወንበር የበር በኩል ጠርዝ፣ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እይ፣ 140 ሺ የሄደች መኪና ወንበሯ ትንሽ ይለብሳል እንጂ አይተረተርም፣ ፔዳሉ ተልጦ ዳሽቦርዱ 140 ሺ የሚል ከሆነ አንዱ ይዋሻል፣ ፔዳል ደሞ አይዋሽም። ኤም ስፖርት ያልከውንም በቻሲስ ቁጥሩ አጣራ፣ በ17ቱ ፊደልና ቁጥር ከፋብሪካ ስትወጣ ምን እንደነበራት ይገኛል፣ ብዙዎቹ በኋላ ፓራውልት ተቀይሮላቸው ነው ኤም ስፖርት የሆኑት። እውነተኛዋም ብትሆን ሞተሩ ያው ነው፣ የተለየው ፓራውልቱ፣ ወንበሩ፣ መሪውና ዝቅ ማለቷ ነው።

ጎማ። ሰው አያየውም እኔ ግን መጀመሪያ ማየው ጎማ ነው። አራቱ ጎማ አራት ዓይነት ብራንድ ከሆነ ባለቤቱ የሚስማማውን ሳይሆን የተገኘውን ሲያስገባ ነው የኖረው፣ ዘይቱም እንደዛው ነው ብለህ ገምት። ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አሀዝ ቁጥር የተመረተበት ሳምንትና አመት ነው፣ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሶስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ይዞ እንዲህ ያለች መኪናን በፍጥነት መታጠፍ ጀግንነት አይደለም።

ከዛ ንዳት፣ ግን አስር ደቂቃ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት። ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ላላ አርገህ ወዴት እንደምትጎትት እይ፣ ከፍ ባለ ፍጥነት ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ነው፣ ጉድጓድ ላይ ከፊት ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ካለ የእግሯ ቡሽ አልቋል፣ እሱ ብዙም አይደል። ስትጨርስ ኮምፒውተር ይታይላት፣ እዛ ላይ ደሞ ስህተት የለም መባሉን ብቻ አትስማ፣ የስህተቱ መዝገብ መቼ እንደተሰረዘም ይታያል፣ ትናንት ማታ የተጠረገ ሚሞሪ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ እጅ ነስተህ ውጣ።

አንድ የራሴን ልንገርህና ልጨርስ። በወጣትነቴ አንዷን (ብራንዷን አልጠራም) ማታ፣ በዝናብ፣ በመብራት ስር አይቼ ገዛሁ፣ ውሀ የነካው ቀለም ሁሉ ያበራል እኮ፣ ጠዋት ስነሳ የግራ በሩ ከሌላው ቀለም ለየት ያለ ነበር። ስለዚ ቀን እያት፣ ደረቅ ሆና እያት፣ ብቻህን ደሞ አትሂድ፣ መኪና የማይወድ ሰው ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ያገለገለች ኦቶማቲክ ልገዛ ነው፣ 160 ሺ ሄዳለች። የካምቢዮ ዘይት ተቀይሯል ወይ ስል ሻጩ ሳቀብኝና “የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም” አለኝ። እውነት ነው? (እህትህ)

መልስ፦ እህቴ፣ የማን ዕድሜ ልክ የሚለውን ነበር መጠየቅ። ከነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ የሚይዙት ስምንት ማርሽ ያለው የዜድኤፍ ካምቢዮ ነው፣ ቢኤምደብሊውም ጁሊያም ላይ አለ፣ በጣም ጥሩ ካምቢዮ ነው። መኪና አምራቹ አይቀየርም ቢልም ካምቢዮውን የሚሰራው ዜድኤፍ ራሱ ግን ከ80 ሺ እስከ 120 ሺ ኪሎሜትር ባለው ወይ በስምንት አመት ቀይሩ ይላል። እኔ የሰሪውን ነው ምሰማው። 160 ሺ ላይ ካልተቀየረ ዋጋውን አስቀንሺና ገዝተሽ ወዲያው አስቀይሪው፣ ማጣሪያው ከስር ካለው የፕላስቲክ ገበታ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ገበታው አብሮ ይቀየራል፣ የዘይቱ ልክ ደሞ በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው ሚለካው፣ ስለዚ “እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ” ለሚል ሰው አትስጪው። ማርሽ ሲቀይር አሁንም የሚመታ፣ ሚንሸራተት ከሆነ ግን ዘይት ብቻውን አያድነውም፣ ተይው።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ያገለገለ አልፈልግም፣ አዲስ ነው ምገዛው። ስፖርት ቀመስ ሴዳን ዕድሜ ልኬን ስመኝ ነበር። ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቢኤም፣ መርሴዲስ ወይስ ኦዲ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ምኞትዎ ደስ ብሎኛል። ለወገብዎ ብራንዱን ሳይሆን ቸርኬውን ይምረጡ። እውነቴን ነው፣ ያው መኪና ባለ 17 ኢንች ቸርኬና ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ሲሆን ሁለት የተለያየ መኪና ነው፣ ሻጩ ባለ 19ኙን የሚያሳይዎ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው። ቢኤምደብሊው ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ ተቀዶም የሚሄድ ጎማ አብሮ ይመጣል፣ አየር ጨርሶ በ80 ፍጥነት 80 ኪሎሜትር ያህል ያደርሳል፣ ጥሩ ነገር ነው ግን ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ጉድጓዱን ወገብዎ ነው ሚቀበለው። ሾክ አብዞርበሩ እየተስተካከለ የሚሄደውን አማራጭ ከሰጡዎት ይክፈሉበት፣ ከትልቅ ስክሪንና ከሚያበራ ጣሪያ ቀድሞ እሱ ይሻላል።

መርሴዲስ ከ2021 ጀምሮ ያለችው ሲ ክላስ ውስጧ ይማርካል፣ ስትወጣ ሞተሯ በሙሉ አራት ሲሊንደር ነበር፣ ኤኤምጂ የምትባለው ፈጣኗም ሳትቀር፣ እሱን የሰሙ የድሮ ሰዎች አዝነዋል፣ እኔም ትንሽ። ኦዲ ደሞ ኤ4 የሚለውን ስም ትቶ በ2024 ኤ5 ብሎታል፣ የኋላ ኮፈኑም ከነመስታወቱ ነው ሚከፈተው፣ ለዕቃ ይመቻል። ከሶስቱ መሪ ላይ ስሜት ከፈለጉ ግን አሁንም 3 ሲሪስ ነው። ሶስቱንም ሲሞክሩ ወንበሩ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፣ መኪናዋ ቆማም ቢሆን፣ ወገብ መልሱን በአምስት ደቂቃ አይሰጥም። ደሞ አንድ ነገር፣ አዲስ መኪና ዋጋው በጣም ሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ሶስት አመታት ስለሆነ ቶሎ የመቀየር ሀሳብ ካለዎ ኪሳራ ነው፣ ይዤያት እቀመጣለሁ ካሉ ግን የርስዎ ውሳኔ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ጁሊያ ልገዛ ስል ጓደኞቼ በሙሉ አብደሃል አሉኝ። አብጃለሁ?

መልስ፦ ትንሽ። ግን ምክንያት አለህ፣ ከነዚህ ሁሉ በመሪዋ እሷን ሚያክላት የለም፣ ፈጣን ነው፣ ጣትህን ስታንቀሳቅስ አፍንጫዋ ይዞራል፣ ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ጉልበት ወደኋላ የሚወስደው ዘንግ ካርቦን ፋይበር ነው፣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦዋ እስከ 280 የፈረስ ጉልበት አላት። ስትነዳት ጓደኞችህን ትረሳቸዋለህ።

ከ2016ና 2017ቹ የመጀመሪያ ምርቶች ግን ራቅ በል፣ የኤሌክትሪክ ነገር ያስቸግራቸዋል፣ ከ2020 ወዲህ ውስጧ የታደሰችውን ፈልግ። ባትሪዋ ሲደክም ደሞ የሌለ በሽታ ሁሉ ዳሽቦርድ ላይ ይለቃል፣ ስለዚ መብራት ሲበዛብህ ከመደንገጥህ በፊት ባትሪውን አስለካ። ዋናው ግን መኪናዋን ከመፈለግህ በፊት እሷን የሚያውቅ መካኒክ ፈልግ፣ ደውለህ “ጁሊያ ሰርተህ ታውቃለህ?” በለው፣ ዝም ካለ ወይ “መኪና ሁሉ ያው ነው” ካለህ ሌላ ቁጥር ደውል። ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ካገኘህ ግዛት፣ አንድም ካላገኘህ ጓደኞችህ ልክ ናቸው።