«ችግር ያጠነክራል» ሲሉኝ ይደክመኛል

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሦስቱን መርጫለሁ። ስም አታውጣ ያላችሁኝ ስላላችሁ የሁላችሁንም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2015 ነው። አላለፍኩም፣ ለሪሚዲያሉ የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም አልበቃሁም። በዓመቱ በግል ተፈተንኩ፤ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ 50 በመቶ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ችግር ያጠነክራል» ይለኛል። ሲሉኝ ይደክመኛል። አባቴ እርሻውን ያዝ ይላል። ጓደኞቼ መተማ ሰሊጥ ለማረም ሄደዋል። እውነት ግን መውደቅ ሰውን ያሳድጋል? ወይስ የወደቀ ሰው እንዳይከፋው የሚባል ነገር ነው? (ከቢቸና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳይከፋህ የሚባል ነገር ነው። ክፋት የለውም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» እንደማለት ነው። ተቀበልና እለፈው።

መጀመሪያ ግን ውጤቱን በልኩ እንየው። አንተ በተፈተንክበት ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2014 3.3 ነበር፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ከመቶ 97ቱ ወድቆ እያለ «ሰንፈህ ነው» ብሎ የሚፈርድብህ ሰው ሒሳብ አያውቅም። ትምህርት ቤቱም፣ የመጽሐፉ እጥረትም፣ በየመሀሉ የተቋረጠው ትምህርትም እጃቸው አለበት። ይህን ስልህ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ላነሳልህ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ትንሽ ከፍ አለ ብለሃል። የቱ ትምህርት ነው ከፍ ያለው? የቱስ ባለበት ቀረ? ከጻፍከው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እኔን ያሳሰበኝ ከመውደቅህ ይልቅ እሱ ነው።

የት ላይ እንደሳቱ የማወቅን ጥቅም ደግሞ እናንተ አገር ያሉ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ቤት ከቢቸና ሩቅ አይደለም። ሀዲስ ዓለማየሁን የመሰለ ሰው የተማረበት ነው። የቅኔ ተማሪ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ደበሎው፣ አኮፋዳው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚያባርረው ውሻ ነው። ሊቅ ያደረገው ረሃቡ ነው የሚል ሰው ሞልቷል። ረሃብ ሊቅ ቢያደርግማ አገራችን ሊቅ በሊቅ በሆነች ነበር! ሊቅ ያደረገውስ ሌላ ነው። ተማሪው ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም እዚያው ቃሉ ተሳስቷል፣ ምሥጢሩ አልገጠመም፣ ቤቱ አልመታም እያሉ ያርሙታል፤ ጓደኞቹ ፊት የሚያፍርበት ጊዜም አለ። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ሲጀምር ደግሞ መወድስ የተባለውን ከባዱን ቅኔ አያሸክሙትም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ይነሳል፣ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ ስምንት ቤቱ መወድስ ጋ የሚደርሰው መሀል ያሉትን ከተሻገረ በኋላ ነው። ፈተናው የየቀኑ ነው፣ ግን በልኩ ነው፣ እርማቱም ወዲያው ይመጣል።

ያንተ ፈተና በዓመት አንዴ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ቁጥር ይልክልሃል። የቱ ጋ እንደሳትክ አይነግርህም። እንዲህ ያለውን ዐሥር ጊዜ ብትወድቅ ዐሥር ጊዜ ታዝናለህ እንጂ ምንም አትጨምርም። ስለዚህ እንደገና ልፈተን ካልክ ፈተናውን ራስህ አሳጥረው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፈልግ። በሳምንት አንዱን ሰዓት ይዘህ ሥራ። ከዚያ መምህር ወይም ያለፈ ልጅ ጋ ሄደህ የሳትካቸውን አንድ በአንድ አሳይ፣ «ለምን ሳትኩ?» በል። የሚጥልህ ሒሳብ ከሆነ የ9ኛ ክፍሉን መጽሐፍ አውጣ፤ ነውር የለውም። ጥቂት ወራት እንዲህ ሠርተህ ምንም ንቅንቅ ካላለ ቴክኒክና ሙያ ግባ፣ ወይም አባትህን ስማ። እርሻ ትምህርት ያልሆነላቸው ሰዎች መጣያ አይደለም፤ የቢቸናን ጤፍ የሚያመርት ሰው ሲሰማህ ይቀየምሃል።

መተማ ግን ለመጠንከር ብለህ እንዳትሄድ። ብር ፈልገህ ከሆነ ሂድ፣ አጎበር ይዘህ ሂድ። ወባው አይምርም።

ጥያቄ፦ ወንድማለም፣ እንጅባራ አካባቢ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ጤፉን ትተን መሬታችንን ሁሉ ዴከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከልንበት። ከሰሉን ሸጠን ቤት ሠራንበት፣ ተመስገን። አሁን በሽታ ገብቶ ዛፉ እየደረቀ ነው። ቄሱም ጎረቤቱም «ከዚህ የምትማሩት ነገር አለ» ይሉናል። ምኑን ነው የምንማረው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምትበሉትን አስቡ፣ ትምህርቱ ይደርሳል።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። እንጅባራ ያለበት የአዊ ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ማዳበሪያ ቢጨመርም ፎስፈረሱን አፈሩ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል፣ የሰብሉም ሥር አይዘልቅም። ገበሬው መሬቱ እምቢ ሲለው ነው ወደ ዴከረንስ የዞረው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራበታል፣ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉ ደርሶ ይከሰላል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። እንዲያውም ከዛፉ በኋላ መሬቱ ያገግማል፣ ዛፉ እንደ ባቄላ ናይትሮጅን የሚጨምር ዘር ስለሆነ። ማንም አሠልጣኝ መጥቶ «ችግርን ወደ ዕድል ቀይሩ» ሳይላቸው ነው ይህን ያደረጉት። እኔ በዚህ ሥራ አሁንም እደነቃለሁ።

ግን ሲሳካ ሁሉም እሱኑ ተከለ። ዋግ የሚመስለው የፈንገስ በሽታ ሲመጣ ደግሞ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚያግደው ነገር አልነበረም። ይህ የአንድ ቤት ጥፋት አይደለም፣ ስለዚህ የእናንተ ቅጣት ወይም የእናንተ ትምህርት ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ቄሱን በአክብሮት እለፊያቸው።

የማደርገውን ልንገርሽ። ለከሰል የደረሰውን እስኪደርቅ አልጠብቅም። የወረዳውን የግብርና ባለሙያ አፈሩ እንዲመረመር እጠይቃለሁ፤ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ መጠኑን የሚያውቀው ምርመራው ነው፣ ኖራውም ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ መታረስ አለበት። ለእናንተ ደጋ ድንችና ገብስ አዲስ አይደለም። ዛፉን ከወደዳችሁት ትንሽ ቦታ ስጡት። መሬቱን ሁሉ ግን ለአንድ ነገር፣ ምንም ያህል ሸጋ ቢሆን፣ አትስጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁት ቁራሽ እየለመንሁ ደብረ ኤልያስ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ፣ እግዜር ይመስገን ሞልቶልኛል። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ሁሉ ተመችቶት ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። ሰው እንዲሆን ሆን ብዬ ችግር ላሳየው አስባለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ተዉት ባይ ነኝ። እርስዎን ማንም ለትምህርት ብሎ አላስራበዎትም። ልጅ ደግሞ የተሠራ ችግር ወዲያው ይለያል፤ ምሳ ቢከለክሉት የሚማረው አባቱ ምሳ እንደሚከለክል ነው።

ከዚያ ይልቅ ቢበላሽ የምር የሚጎዳ ነገር ይስጡት። ጥቂት ዶሮዎች ይግዙለት። መኖውን እሱ ይግዛ፣ እንቁላሉን እሱ ይሽጥ፣ ሒሳቡን ደብተር ላይ ይያዝ፣ ትርፉ የራሱ ይሁን። አንድ ቀን ፈንግል ገብቶ ግማሹን ሊጨርስበት ይችላል። ያኔ አንጀትዎ ይላወሳል፣ አውቃለሁ። ሮጠው ሌላ እንዳይገዙለት ብቻ። ቁጭ ብለው ደብተሩን አብረው ይዩ፤ በቀረው ብር ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት፣ ክትባት እንዳለ ካላወቀ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ።

ስልኩን ግን አይውሰዱበት። የእንቁላል ዋጋ የሚያጣራው በሱ ነው።