በስህተት የገባ ኮሚትና የኮድ አጻጻፍ ደንብ፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጣና ዳር በተገናኘንበት ጊዜ ስለ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ ስለሚይዘው ፕሮግራም) ተነሥተው ሳይመለሱ የቀሩትን ጥያቄዎች ዛሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ኮሚት የምንለው በዚያ ታሪክ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ለውጥ ነው። ለጊት የሰጣችሁትን ትእዛዝና የወጣውን መልእክት ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለዘጌ ጀልባዎች የትኬት መቁረጫ ሥርዓት አራት ሆነን እየሠራን ሳለ ያላለቀ ሥራዬን ሁላችንም የምንጋራው ዋናው ቅርንጫፍ ላይ ፑሽ አደረግሁት (ላክሁት)። ሪሴት አድርጌ (ወደ ቀደመው ኮሚት ተመልሼ) በፎርስ ፑሽ (በግድ በመላክ) ላጥፋው?

መልስ፦ አያጥፉት። ፑሽ የተደረገ ኮሚት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ጓደኞችዎ ፑል አድርገው (ወደ ኮምፒውተራቸው አውርደው) በላዩ ላይ መሥራት ጀምረው ከሆነ፣ የቆሙበትን ታሪክ ሲቆርጡባቸው ወይ ግጭት ይገጥማቸዋል፣ ወይ ያጠፉት ኮሚት በእነርሱ ፑሽ ተመልሶ ይገባል። ጊት ሪቨርት ግን ለውጡን የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት ይጨምራል እንጂ ታሪኩን አይነካም።

ጥያቄ፦ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል አብሮ ገባ። ሰርዤው እንደገና ኮሚት አድርጌያለሁ፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ፋይሉ በቀደመው ኮሚት ውስጥ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። ታሪኩን በፊልተር ሪፖ (የኮሚቶችን ታሪክ እንደገና በሚጽፍ መሣሪያ) ማጽዳት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሌሎች ዘንድ ያለውን ቅጂ አያጠፋም።

ጥያቄ፦ ሪሴት ሃርድ አድርጌ የሦስት ቀን ኮሚቶቼ ጠፉ።

መልስ፦ ሪፍሎግን (ቅርንጫፉ የቆመባቸውን ኮሚቶች ጊት የሚመዘግብበትን ዝርዝር) ይመልከቱ፤ እንዲህ ያሉ ኮሚቶች በመደበኛው ቅንብር ለ30 ቀን በዚያ ይመዘገባሉ። ኮሚት ያላደረጉትን ግን አያገኙትም።

ጥያቄ፦ ጊት አልሠራ አለኝ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአንድ ባልደረባችን ኤዲተር ፋይል ባስቀመጠ ቁጥር ኮዱን ሁሉ እንደገና ይደረድረዋል።

መልስ፦ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። የ2 መስመር እርማት በ800 መስመር የክፍተት ለውጥ ውስጥ ሲደበቅ ገምጋሚው ምንም አያይም፤ ከወራት በኋላም ጊት ብሌም (መስመሩን መጨረሻ የለወጠው ማን እንደሆነ የሚናገረው ትእዛዝ) የሚያሳየው ኮዱን የጻፈውን ሳይሆን ክፍተቱን ያስተካከለውን ነው፤ እርማቱ ስህተት ሆኖ ሪቨርት ሲደረግ ደግሞ ድርደራው ሁሉ አብሮ ይቀለበሳል። ስለዚህ በአንድ ደንብ ተስማሙ፤ ፎርማተሩን (ኮዱን በደንቡ የሚደረድረውን ፕሮግራም) በኮዱ ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ አሂዳችሁ ያንን ብቻ የያዘ ኮሚት አድርጉ፤ መለያውንም ብሌም በሚዘላቸው ኮሚቶች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ጊት ይህን የሚችለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 2.23 ጀምሮ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ቀላቅላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱ የሚለያዩበትን የመስመር መጨረሻ ምልክት በጊትአትሪቢውትስ ፋይል ወስኑ።

አንድ አባል፦ በመስመር መጀመሪያ ለሚተወው ክፍተት ደንቡ ታብ ይሁን፤ የሊኑክስ ከርነል (እምብርቱ) የሚጻፈው በ8 ቁምፊ ታብ ነው።

ሌላ አባል፦ የምንጽፈው በፓይተን ነው፤ ፔፕ 8 (የፓይተን የአጻጻፍ ደንብ) የሚለው 4 ስፔስ ነው። ይልቅ የተለዋዋጭ ስም በአማርኛ ቢሆንስ? ፓይተን 3 ይቀበላል።

የመጀመሪያው፦ አንዱ «ሥም» ሌላው «ስም» ብሎ ሲጽፍ ፓይተን ሁለት ተለዋዋጭ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ያን ጊዜ ስህተቱን አንተ ፈልግ።

መልስ፦ የፊደሉ ነገር እውነት ነው። ታብና ስፔሱን ግን ፎርማተሩ ይጨርሰው፤ እዚህ አትቀጥሉት።

ጥያቄ፦ የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራማችን ሌላ አገልግሎት የሚጠቀምበት ምስጢራዊ ቁልፍ) ገባብኝ፤ ሪፖዚተሪው (የኮዱ ማከማቻ) የግል ስለሆነ ፋይሉን ብሰርዘው ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ቁልፉን ይቀይሩ።