ክሮከስ በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ የሚያወጣው ለምንድን ነው?

ከሜሪላንድ የጻፉልን አንባቢ፣ ቤታቸው ፊት ለፊት ፀሐይ በሚያገኘው መደብ ላይ የተከሉት ክሮከስ በመጀመሪያው ዓመት ማርች ላይ ደምቆ አብቦ፣ በዓመቱ ግን ቀጫጭን ቅጠል ብቻ እንዳወጣ ገልጸው ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ኤፕሪል ላይ ቅጠሉን አጭደው በቦታው ቃሪያ እንደተከሉና በጋውን ሙሉ ውሃ እንዳጠጡም ነግረውናል።

ችግሩ ከእነዚህ ከሁለቱ ሥራዎች የመጣ ነው። ክሮከስ የሚበቅልበት ኮርም፣ ማለትም ከአፈር በታች ምግብ የሚያከማቸው አጭር ግንድ፣ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ሳይሆን ውስጡ ነጭና ድፍን ሲሆን፣ በየዓመቱም ይተካል። አሮጌው አበባውንና ቅጠሉን መግቦ ይሟሽሻል፤ ሜይ ላይ አንዱን ቆፍረው ቢያወጡ፣ ከታች የተጨማደደውን ቅሪት፣ ከላዩ ደግሞ ጠንካራውን አዲስ ኮርም ያገኛሉ። አዲሱ የሚሞላው አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ በሚሠራው ምግብ ስለሆነ፣ ቅጠሉ በአረንጓዴነቱ ከታጨደ ኮርሙ ለማበብ የሚበቃ መጠን ላይ አይደርስም። ስለዚህ ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል፣ እባክዎ አይንኩት፤ ጠቅልሎ ማሰሩም ያው ጉዳት አለው።

የበጋው ውሃም ቀላል ነገር አይደለም። ቅጠሉ ሲደርቅ ኮርሙ ይተኛል፤ በዚያ ጊዜ ሸክላማ አፈር ውስጥ ረጥቦ ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቃሪያውን ወደ ሌላ መደብ ያዛውሩትና በክሮከሱ ላይ እንደ ጦስኝ ያለ፣ ብዙ ውሃ የማይፈልግና መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል ያድርጉ፤ ክሮከሱ በመካከሉ ሰንጥቆ ይወጣል።

ያሉትን ኮርሞች ቅጠሉ እንደደረቀ ያውጡ፤ ሲጫኑት የሚለሰልሰውን ጥለው ጠንካራውን ደረቅና አየር የሚያገኝ ጥላ ውስጥ ያቆዩ። ኦክቶበር ላይ አፈሩን ከኮምፖስትና ከደቃቅ ጠጠር ጋር ቀላቅለው፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በ7 ሴንቲሜትር ርቀት ይትከሉ። ናይትሮጅን የሚበዛበት የሣር ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣምና አይጠቀሙ። ትንንሾቹ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚወስዱ፣ መደቡ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ትልልቅ ኮርሞች ገዝተው ቢጨምሩ መልካም ነው።

በአካባቢዎ ስኩረል ስለሚበዛ እንደተከሉ የሽቦ መረብ በአፈሩ ላይ ዘርግተው ዳርና ዳሩን በድንጋይ ይጫኑት፤ ቡቃያው በቀዳዳዎቹ አልፎ ይወጣል።