መድረኩን ከወጣቶቹ ጋር ልጋራ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ61 ዓመት ሴት ነኝ። ግጥም ስጽፍ ዘመኔን አሳልፌአለሁ፤ ሴት የማፈቅር ሴት መሆኔንም የቅርብ ወዳጆቼ ያውቃሉ። ራሳቸውን ኩዊር (በፍቅርም ሆነ በፆታ ማንነት ከተለመደው የተለዩ) ብለው የሚጠሩ ወጣቶች በሚያሰናዱት የስፖክን ወርድ፣ ማለትም ለመድረክ የተጻፈ ግጥም በቃል የሚቀርብበት ምሽት ላይ ግጥም እንዳቀርብ ተጋብዣለሁ። ለግብዣው መልስ ከመስጠቴ በፊት ሄጄ አዳመጥኳቸው። ይጮኻሉ፣ ይፈጥናሉ፣ ታዳሚው በግጥሙ መሐል ጣቱን እያጮኸ ያጅባቸዋል፣ ዳኞች ደግሞ ለእያንዳንዱ ግጥም ነጥብ ያነሣሉ። እኔ የለመድኩት በዝግታ የሚነበብና በጸጥታ የሚደመጥ ግጥም ነው። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ከእነሱ በፊት እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ እንዳልነበረ አድርገው መናገራቸው ነው። ግብዣውን ልቀበል ወይስ በአክብሮት ልለፈው?

መልስ፦ ይቀበሉት። ምክንያቴን ካሳዘነዎት ነገር ልጀምር። ወጣቶቹ ቀዳሚዎቻቸውን ካላወቁ፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት ሊያስተዋውቋቸው ይችሉ የነበሩት ሰዎች በመሐል ማለቃቸው ነው። በአሜሪካ የጥቁር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ድምፅ በጽሑፍና በመድረክ ካሰሙት መካከል ጆሴፍ ቢም በ1988 በ33 ዓመቱ፣ አሶቶ ሴንት በ1994፣ ኤሴክስ ሄምፊል በ1995 በ38 ዓመቱ ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተዋል (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቫይረሱን አፍኖ የሚይዘው ጥምር መድኃኒት በስፋት መሰጠት የጀመረው በ1996፣ ሄምፊል ካረፈ ከወራት በኋላ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ ከእርስዎ እምብዛም የማይበልጡ፣ በየወጣቱ ምሽት የፊት ወንበር የሚለቀቅላቸው አንጋፎች ይሆኑ ነበር።

የተረፈው እንኳ የተረፈው በሰው ትጋት ነው። ቢም ሲሞት የጥቁር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችን ጽሑፎች የያዘ መድብል ጀምሮ ነበር። ያንን መድብል ጨርሰው በ1991 ለኅትመት ያበቁት ሄምፊልና የሟቹ እናት ዶሮቲ ቢም ናቸው፤ ሄምፊል ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ፊላደልፊያ በሚገኘው የቢም ወላጆች ቤት ገብቶ ኖሯል። ልጇን የቀበረች እናትና ራሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ሕመም የሚሞት ገጣሚ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሌሎችን ጽሑፍ ሲያርሙ ያስቡት። ትውልድን ከትውልድ ማገናኘት ሲባል እኔ የማስበው ይህን የመሰለውን ሥራ ነው፤ በመድረክ ላይ ቆሞ «እኛም ነበርን» ብሎ መውቀስን አይደለም።

ጩኸቱን በተመለከተ ግን፣ ቅር አይበሉኝና፣ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ግጥምን በድምፅ ማሰማት የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም። እንደ እርስዎ ሴት አፍቃሪ የሆኑት አሜሪካውያን ገጣሚዎች ፓት ፓርከርና ጁዲ ግራን ግጥሞቻቸውን በገዛ ድምፃቸው አንብበው በ1976 በሸክላ አውጥተዋል፤ ያሳተመላቸውም ሴቶች ያቋቋሙት ኦሊቪያ የተባለ ኩባንያ ነበር። ሄምፊል በዋሽንግተን ከሙዚቀኛው ዌይሰን ጆንስ ጋር ሲያቀርብ ሁለቱ ድምፆች እየተቀባበሉና እየተደራረቡ ይሄዱ ነበር። ማርሎን ሪግስ በ1989 በሠራው ፊልም መክፈቻ ላይ «ወንድም ለወንድም» የሚለው ሐረግ በብዙ ድምፆች እየተደጋገመ ሲበረታ የሰማ ሰው፣ የዛሬዎቹ ወጣቶች ፍጥነትና ድግግሞሽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አይቸገርም።

ነጥብ የመስጠቱ ሥርዓት ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ስላም የሚባለውን የግጥም ውድድር የጀመረው የግንባታ ሠራተኛ የነበረው ማርክ ስሚዝ ሲሆን፣ ከ1986 ጀምሮ ቺካጎ በሚገኘው ግሪን ሚል የተባለ የጃዝ ቤት ውስጥ ሲካሄድ ቆይቷል። በተለመደው ደንብ አንድ ገጣሚ የራሱን ግጥም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያቀርባል፤ ሙዚቃም ሆነ ልዩ አልባሳት አይፈቀድም። ከታዳሚው መካከል የተመረጡ አምስት ሰዎች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥተው የሦስቱ ድምር ይያዛል። ዳኞቹ በግጥም የተማሩ እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ ጨዋታውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ወጣቶችን ወደዚህ መድረክ በብዛት ካመጡት መካከል በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ዩዝ ስፒክስ የተባለ ድርጅት ይገኝበታል።

እኔ በዚህ ሥርዓት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ነጥብ ወደ ቁስል ያደላል። ከቤት የተባረረ ልጅ የዚያን ሌሊት ታሪክ በሦስት ደቂቃ ሲናገር 9.5 ያገኛል፤ በሚቀጥለው ወር የከፋ ታሪክ ይዞ መምጣት እንዳለበት ይሰማዋል። ሳቅ፣ አዲስ ፍቅር፣ ሰነፍ እሑድ ማለዳ ነጥብ አያመጡም ብሎ ይተዋቸዋል። እርስዎ እዚያ መገኘት ያለብዎት በተለይ ለዚህ ነው። ስለ ረጅም ዘመን ፍቅርዎ፣ ስለ ተራ ቀን፣ ከተቻለም ስለ እርጅና የሚያወራ አንድ አጭር ግጥም ይዘው ይሂዱ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው 61 ዓመት ሊሞላው እንደሚችል በዓይኑ ያላየ ልጅ በመካከላቸው አይጠፋም።

አቀራረቡን በሚመለከት፣ በብዙ የስላም ምሽቶች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ዳኞቹ እጃቸውን እንዲያፍታቱ ከውድድሩ ውጭ ግጥም የሚያቀርብ አንድ ሰው አለ። ያ ቦታ ይሰጠኝ ብለው ይጠይቁ፤ ነጥቡ ከውድድሩ ስለማይቆጠር ማንንም አይሻሙም፣ የምሽቱንም ፍጥነት ከመነሻው ሊያረጋጉት ይችላሉ። ድምፅዎን እንደ እነሱ ለማድረግ አይሞክሩ። አዘጋጆቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ በሌላ ቀን አንድ ወጣት የእርስዎን ግጥም፣ እርስዎም የእሱን ጮክ ብላችሁ የምታነቡበት ሰዓት ይኑር። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት ጋር የሚኖርዎት ግንኙነት በአዘጋጆቹ በኩል ቢሆን ለሁላችሁም ይበጃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጣቶቹ የቀድሞ ገጣሚዎች ፍቅራቸውን በሰምና ወርቅ ለምን እንደሸፈኑ ሲጠይቁዎት፣ በአሜሪካ እንኳ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚያስቀጡት የመጨረሻዎቹ የግዛት ሕጎች የወደቁት በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሆኑን ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። በግጥም ምሽት ላይ ስለ ራሴ ያቀረብኩትን ግጥም አዘጋጆቹ በቪዲዮ ቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ሊለቁት ይፈልጋሉ። ወላጆቼ ስለ እኔ አያውቁም። እምቢ ብል ዕድሌ የሚያመልጠኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ እምቢ በይ። ቪዲዮ ብዙ ገጣሚዎችን ከትንሽ ክፍል አውጥቶ ለዓለም እንዳሰማ እውነት ነው፤ ነገር ግን መድረክ ላይ ለመቆም መፍቀድሽና ለመቀረጽ መፍቀድሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥሩ አዘጋጅም ለየብቻ ይጠይቃል። ከተለቀቀ በኋላ ቢያነሱት እንኳ ሌላ ሰው አውርዶ ሊያስቀረው ይችላል፤ ፊትሽን ቢሸፍኑትም ድምፅሽን የሚያውቅ ሰው ይለይሻል። በሚቀጥለው ምሽት ከመድረኩ በፊት ታዳሚው ስልኩን እንዲያስቀምጥ አስተዋዋቂው እንዲናገር ጠይቂ፣ በመርሐ ግብሩ ላይም በብዕር ስም ተጻፊ። ግጥሙን ቀኑን ጽፈሽበት አስቀምጪው፤ ራስሽን ችለሽ መኖር ስትጀምሪ መቀረጽ ከፈለግሽ ያኔም ያንቺው ነው።