ግቢው ይመር ወይስ ተማሪው ይማር?

ጥያቄ፦ ልጄ ጎንደር ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የ2ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ኮሌጁ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን የክፍያ ቅናሽ ዘንድሮ አቁሞ፣ አዲስ ካፍቴሪያና የመዝናኛ አዳራሽ ማሠራት ጀምሯል። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ግቢው ካላማረ ተማሪ አይመጣም» ተባልን። በቅርቡ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ አስተያየት እንድንሰጥ ተጋብዘናል፤ ምን ብንል ይሻላል?
የተማሪ አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የኮሌጁ ምክንያት ፈጽሞ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮሌጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ብዙ ተማሪዎች ኮሌጅ ሲመርጡ ለምቾትና ለመዝናኛ ትልቅ ግምት እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዝንባሌ ጎልቶ የታየው ከባለጸጋ ቤተሰብ በመጡት ላይ ሲሆን፣ በትምህርታቸው የላቁት ይበልጥ የሚመለከቱት የትምህርቱን ጥራት ነበር። ስለዚህ በስብሰባው ላይ አስቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ፣ ኮሌጁ ሊያስተምር የተነሳው የማንን ልጅ ነው የሚለው ይመስለኛል።

ኒውዮርክ የሚገኘው ኩፐር ዩኒየን የተባለ ኮሌጅ ከመቶ ዓመት በላይ ተማሪዎቹን ያለ ክፍያ ሲያስተምር ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 175 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ዘመናዊ ሕንፃ አሠራ። የብድሩ ጫና ከሌሎች የገንዘብ ችግሮቹ ጋር ተደምሮ በ2014 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ክፍያ ለመጠየቅ ተገደደ፤ በ2018 ወደ ነጻ ትምህርት ለመመለስ ሲወስን ያወጣው ዕቅድም የ10 ዓመት ነው። በሦስት ዓመት ለተሠራ ሕንፃ የተከፈለውን ዋጋ ይመልከቱ!

የእርስዎ ልጅ ኮሌጅ ጉዳይ በመጠኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነው፤ እንዲያውም ለቅናሹ ይበልጥ ያደላል። 40 ወንበር ባለው ክፍል ውስጥ 28 ተማሪ ብቻ ከተቀመጠ፣ የመምህሩ ደመወዝና የቤቱ ኪራይ አስቀድሞ የተከፈለ በመሆኑ፣ በ29ኛው ወንበር ላይ በግማሽ ክፍያ የሚቀመጥ ተማሪ ኮሌጁን የሚያስወጣው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚያስገባው ግን አለ። አዳራሹ ግን ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መብራትና ጥገና በየወሩ ይጠይቃል።

ይህን ስል ለግቢ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ብክነት ነው ማለቴ አይደለም። የጎንደርን የውሃ እጥረት የማያውቅ የለም፤ የአንገረብ ግድብ ከነዋሪው ቁጥር ጋር መራመድ ካቃተው ቆይቷል። የውሃ ታንከር፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያሠራ ጀነሬተር፣ ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መወጣጫ፣ እነዚህ ሁሉ ተማሪውን በትምህርቱ ላይ የሚያቆዩ ናቸውና ከቅናሹ ጎን ይሰለፉ። ካፍቴሪያው ቢዘገይ ግን ትምህርቱን የሚያቋርጥ ተማሪ አይኖርም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ መክፈል ይችላል፤ የግል ኮሌጅ ተማሪ ግን ዛሬውኑ ካልከፈለ ነገ ከክፍል ውጭ ነው። ቅናሽ በመሐል ሲቋረጥ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው፤ ሁለት ዓመት የደከመ ልጅ ያለ ዲፕሎማ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኮሌጁ ለሃምሳ ተማሪ ቃል ገብቶ ከሚያጥፍ፣ ለአሥር ተማሪ ሰጥቶ እስከ ምረቃ ቢያደርሳቸው እመርጣለሁ።

በስብሰባው ላይ ቁጣ ሳያስቀድሙ ሁለት ቁጥሮች በግልጽ እንዲነገሩ ይጠይቁ፦ አዳራሹ በዓመት ምን ያህል ያስወጣል? አምና ቅናሽ ከነበራቸው ተማሪዎች መካከልስ ዘንድሮ ያልተመዘገቡት ስንት ናቸው? ሁለተኛው ቁጥር ከታወቀ በኋላ፣ ግንባታው ባለበት ቆሞ እነዚያ ልጆች ከሚቀጥለው ሴሚስተር በፊት በየስማቸው እንዲጠሩ ሐሳብ ያቅርቡ።